ከምረቃው በኋላ ያለው ሂሳብ፦ ነፃ የሙያ ሥልጠና ገንዘቡ የት ይገባል?

የምረቃ ቀን ባነር ይሰቀላል፣ ቆሎና ለስላሳ ይቀርባል፣ ከክፍለ ከተማ የመጣ ኃላፊ ንግግር ያደርጋል፣ ሠልጣኞች በየተራ ሰርተፍኬት እየተቀበሉ ፎቶ ይነሳሉ። ለለጋሹ በሚላከው ሪፖርት ላይ «40 ሴቶችና አካል ጉዳተኞች በልብስ ስፌት ሠለጠኑ» የሚል አንድ መስመር ይገባል። ፕሮጀክቱም እዚያ ላይ ይዘጋል። ከስድስት ወር በኋላ ከ40ዎቹ ስንቶቹ ደመወዝ ላይ እንደሆኑ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቢገኝም መልሱን የሚያውቀው የፕሮጀክት አስተባባሪ ኮንትራቱ አልቆ ሌላ ቦታ ገብቷል።

የሥራ ዕድል ለተነፈጋቸው ሰዎች፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኞች፣ ልጅ ለሚያሳድጉ እናቶች፣ ለቤት ሠራተኞችና ከዓረብ አገር ለተመለሱ፣ በበጎ አድራጎት የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና ሲዳከም ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ነው ይባላል። እጥረቱስ አለ፤ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብሷል። ነገር ግን ያለው ገንዘብ የሚቆጠረው በተመራቂ ቁጥር በመሆኑ፣ ሰውን ሥራ ላይ የሚያቆዩት ወጪዎች ከበጀት መጀመሪያ የሚቆረጡት ናቸው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ድርጅት 2,400,000 ብር ይዞ 40 ሰው ለአራት ወር ያሠለጥናል እንበል። 31ዱ ይጨርሳሉ፤ ስድስት ወር ቆይቶ ሲጠየቅ 17ቱ ሥራ ላይ ናቸው። በተመዘገበ ሰው ሲሰላ ወጪው 60,000 ብር ነው። በተመራቂ ሲሰላ ወደ 77,400 ይጠጋል። ሥራ ላይ በተገኘ ሰው ሲካፈል ግን ከ141,000 ብር ያልፋል። አሁን ለልጆች ማቆያ፣ ለትራንስፖርትና ከምረቃ በኋላ ለሚከታተል አንድ ሠራተኛ 360,000 ብር ይጨመር። የተመዘገበው ሰው ወጪ ወደ 69,000 ስለሚወጣ ለጋሹ «ተወደደ» ይላል። በዚህ ጭማሪ ምክንያት ሥራ ላይ የሚገኙት ከ17 ወደ 24 ቢያድጉ ግን የአንዱ ወጪ ወደ 115,000 ብር ይወርዳል። ስለዚህ ፕሮፖዛል ሲጻፍ ሦስቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይሻላል። ለጋሹ በተመዝጋቢ ሂሳብ ብቻ ሲከራከር ሦስተኛውን ቁጥር የሚያሳየው ማንም የለምና።

ሠልጣኝ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከዘመድ በተበደረው ወይም ባጠራቀመው ሳንቲም ታክሲ ይሳፈራል። ከዚያ ያልቃል። የትራንስፖርት ገንዘብ በወር መጨረሻ የሚከፍል ፕሮግራም፣ ገንዘቡ ለማያስፈልጋቸው ሰዎች ብቻ ይከፍላል ማለት ነው፤ የቸገረው እዚያ ድረስ አይደርስም። በየሳምንቱ ሰኞ በቅድሚያ፣ በቴሌብር መላክ ይሻላል። መጠኑም እንደ ርቀቱ ይለያይ፤ ሁለት ታክሲ የሚቀያይረውና በእግሩ የሚመጣው እኩል ሲቀበሉ ቅሬታ ይነሳል። ስልኩ በሠልጣኟ ስም የወጣ መሆኑ መጀመሪያ ይጣራ። በባሏ ወይም በአሠሪዋ ቁጥር የሚላክ ገንዘብ እጇ ላይ ላይደርስ ይችላል።

ምሳ በዓይነት ቢቀርብ ከገንዘብ ይመረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የምሳ ብር ቤት ላሉ ልጆች እራት ይሆንና እናት ባዶ ሆዷን ማሽን ላይ ትቀመጣለች። ይህን ሁሉ «አበል» ብሎ መጥራት ግን አደጋ አለው። አበል የሚባል ነገር ያለበት ሥልጠና፣ ከአዳራሽ አዳራሽ የሚዞሩ ቋሚ ሠልጣኞችን እንደሚስብ በዘርፉ የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ሰዓቱም እንደ ሰው መመረጥ አለበት። ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ላላት እናት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይመቻል፤ ልጇን አድርሳ ትመጣለች፣ ሳይወጣ ትደርሳለች። ለቤት ሠራተኛ ደግሞ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓትና እሑድ ብቻ ነው የሚገኘው። ሁለቱን በአንድ ክፍል ለማሠልጠን የሚሞክር አንዱን ማጣቱ አይቀርም። ለሕፃናት ማቆያ አንድ ንፁህ ክፍል፣ ፍራሽ፣ ውሃና ሁለት ተንከባካቢዎች ለ15 ልጆች ይበቃሉ። አንድ ተንከባካቢ ብቻ ከተቀጠረች ግን እሷ የቀረችበት ቀን እናቶቹም የሚቀሩበት ቀን ይሆናል።

ምልመላው ላይ የወረዳ ዝርዝር ብቻውን አይበቃም። የኃላፊ ዘመድ ገባ የሚለው ሐሜት እውነት ሆነም አልሆነ፣ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ቢሮ መመላለስ የሚችሉ ሰዎችን ይዞ ይመጣል። ከቤት የማትወጣውን መስማት የተሳናት ልጅ አይጨምርም። ለ40 ቦታ 80 ስም መቀበል፣ ቤት ለቤት ማየት፣ ከዚያ ሦስት ቀን የሙከራ ሥራ ማሠራት ይቻላል። በሙከራው ጎበዝ ስፌተኛ ማጣራት አያስፈልግም፤ ማን ሳያረፍድ እንደሚመጣና ማን ሙያውን ሲያየው እንደሚጠላው ማወቅ ይበቃል። አምስት ተጠባባቂ ይያዝ። ከአሥረኛው ቀን በኋላ ግን ምትክ አይግባ፤ ዘግይቶ የገባ አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም።

አካል ጉዳተኞችን «እናካትታለን» የሚል ፕሮፖዛል ብዙ ነው። በጀቱ ውስጥ ሲፈለግ ግን አንድ መስመር አይገኝም። መስማት ለተሳናቸው ሠልጣኞች አንድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሙሉ ቀን መቀጠር ርካሽ ይመስላል። አስተርጓሚ ግን ያለ ዕረፍት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በላይ ሲሠራ ጥራቱ ስለሚወርድ ሁለት ሆነው መቀያየር አለባቸው። ከዚህ በላይ ደግሞ የሙያ ቃል ችግር አለ። «ኮሌታ»፣ «ዚግዛግ»፣ «ኦቨርሎክ» የሚሉት ቃላት በአስተርጓሚው ዘንድ የተስማሙበት ምልክት ላይኖራቸው ይችላል። የሳምንቱ ቃላት አስቀድመው ለአስተርጓሚዎቹ ተሰጥተው ከራሳቸው ከሠልጣኞቹ ጋር ምልክት ካልተወሰነላቸው፣ የክፍሉ ጊዜ እያንዳንዱን ቃል በጣት ፊደል በመጻፍ ያልቃል።

ማየት ለተሳናቸው የኮምፒውተር ሥልጠና ሲታሰብ ውድ ሶፍትዌር መግዛት የግድ አይደለም። ኤንቪዲኤ የተባለው የስክሪን ማንበቢያ ነፃ ነው፤ አብሮት ያለው ኢስፒክ ድምፅ አማርኛም ያነባል፤ ድምፁ እንደ ሮቦት ቢሆንም ይለመዳል። ገንዘቡ መሄድ ያለበት ወደ ጆሮ ማዳመጫና ወደ አሠልጣኙ ነው፤ አሠልጣኙ ራሱ ያለ ማውስ የሚሠራ ሰው ከሆነ ግማሹ ሥራ ተቃለለ።

እግሯ ለማይታዘዝላት ስፌተኛ ችግሩ ፔዳሉ ነው። የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን ፔዳል ከሞተሩ ጋር በዘንግ የተያያዘ ነው፤ ጥሩ የብረታ ብረት ባለሙያ ዘንጉን በክርን ወይም በእጅ በሚገፋ ማንሻ ሊተካው ይችላል። የጠረጴዛው ከፍታም ዊልቸሩ ከሥሩ እንዲገባ ይስተካከላል። እስከዚህ ብዙ ድርጅቶች ይደርሳሉ። ከዚያ ልጅቷ ትመረቃለች፣ ፋብሪካ ትቀጠራለች፣ እዚያ ያለው ማሽን ደግሞ ባለፔዳል ነው። ማንሻው የቀረው ማሠልጠኛው ውስጥ፣ በድርጅቱ ንብረት መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ከመጀመሪያው «ለሠልጣኟ የሚተላለፍ» ተብሎ በበጀቱ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በመዝጊያው ላይ የለጋሽ ፈቃድ ለማግኘት ወራት ይፈጃል። አሠሪውንም በሕግ ቋንቋ ማናገር ይቻላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች ይጠይቃል፤ የኮታ ግዴታ ግን አላስቀመጠም። ኮታ ስለሌለ የማሳመኑ ሥራ በማሠልጠኛው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የሙያ ምርጫ ላይ የልብስ ስፌትና የፀጉር ሥራ የሚበዙበት ምክንያት ገበያው ስለጠራቸው አይደለም። ዕቃቸው ርካሽ ነው፣ አሠልጣኝ በቀላሉ ይገኛል፣ ፎቶ ያምርባቸዋል። ፈላጊ መኖሩን ለማወቅ ከአሠሪ የትብብር ደብዳቤ መያዝ ምንም አይጠቅምም፤ ደብዳቤ ማንም ይጽፋል። ስንት ሰው፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ደመወዝ፣ የሥራ ቃለ መጠይቁን ማን ያደርጋል የሚሉት ካልተመለሱ ገና ገበያ አልተገኘም። በአንድ ገዢ ላይ መንጠልጠልም አደገኛ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሴቶችን ወደ ስፌት ሥልጠና አስገብቶ ነበር። በ2014 መጀመሪያ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ወጣ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ከሚፈቅደው አጎዋ ታገደች። አንድ ዓይነት ኦፕሬሽን ብቻ፣ ለምሳሌ እጅጌ መግጠም ብቻ የለመደች ልጅ ከፓርኩ ውጭ ሙያ እንደሌላት ተቆጠረች። ሙሉ ልብስ ቆርጣ መስፋት የምትችለው ቢያንስ ሰፈር ውስጥ ማሽን ተከራይታ መነሳት ትችላለች።

የሙያ ብቃት ምዘናው፣ ሁላችንም «ሲኦሲ» የምንለው፣ በዕቅድ ውስጥ እንደ አንድ ቀን ይጻፋል። በተግባር ግን ተራ መያዝ፣ ክፍያ መፈጸም፣ ለአስተርጓሚ ማሳወቅና ለወደቁት የድጋሚ ምዘና ክፍያ መመደብ አለ። ሥልጠናው አልቆ ምዘናው በሦስት ሳምንት ከዘገየ ሠልጣኙ ይበተናል፣ እጁም ይደነዝዛል፤ ወርክሾፑ እስከ ምዘናው ቀን ክፍት ይሁን፣ ትራንስፖርቱም አይቋረጥ። ከሳውዲና ከቤይሩት ተመልሰው አሥር ዓመት የሠሩበትን ምግብ ዝግጅት ወይም የቤት አያያዝ «እንደ አዲስ ተማሩ» የሚባሉት ደግሞ በከንቱ ይደክማሉ። ምዘናው ሰው ሙያውን የት እንደተማረ አይጠይቅም፤ የጎደለውን ብቻ በሁለት ሳምንት አሟልቶ በቀጥታ ማስመዘን ይቻላል፤ በዚህ የሚተርፈው ቦታ ምንም ለማያውቅ ሰው ይሆናል።

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ፣ ከ2011 ዓ.ም. በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የቀድሞው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 አስተዳደራዊ ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይል ነበር፤ ማስፈጸሚያ መመሪያው ደግሞ የአሠልጣኝ ክፍያንና የሥልጠና ጉዞን ሳይቀር በአስተዳደራዊ ወጪ ይቆጥር ነበር። ሥራው ማሠልጠን የሆነ ድርጅት አሠልጣኝ በቀጠረ ቁጥር ሕግ ወደ መጣስ ይጠጋ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ ከ10 በመቶ በላይ ገቢው ከውጭ የሆነ ድርጅት በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ መሥራት አይችልም ነበር፤ ሥልጠና መስጠት ይፈቀዳል፣ «ለምን አልቀጠራችኋትም» ብሎ መሟገት አይፈቀድም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን አንስቷል። አስተዳደራዊ ወጪ አሁን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ አይበልጥም፤ ትርጉሙ ግን ለዓላማ ማስፈጸሚያ ያልሆነውን ብቻ የሚመለከት ነው፤ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲትና የባንክ አገልግሎት፣ የመብራትና የኢንተርኔት ክፍያ፣ የተሽከርካሪ ግዢና ነዳጅ የመሳሰሉት።

እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት በሂሳብ መዝገብ ይጀምራል። የማሠልጠኛ ወርክሾፑ ኪራይና የቢሮው ኪራይ በአንድ ውል፣ በአንድ ደረሰኝ ሲከፈሉ ኦዲተሩ ሁሉንም ወደ አስተዳደር ሊጥለው ይችላል። ውሉ ላይ የክፍሎቹ ስፋት በካሬ ሜትር ተለይቶ ይጻፍ፤ ቢቻል ቆጣሪውም ይለይ። ግማሽ ቀን የሚያሠለጥን፣ ግማሽ ቀን ቢሮ የሚውል ሠራተኛ የሰዓት መዝገብ ይሙላ። ሌላው የተለመደ ስህተት የአሠልጣኝ ደመወዝ ሲበጀት አሠሪው የሚከፍለውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ መርሳት ነው፤ በአምስት አሠልጣኝ፣ በዓመት ሲሰላ ትንሽ አይደለም።

የምንዛሪውም ጉዳይ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ወደ ገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ቀናት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር የተፈራረሙ ድርጅቶች ለጊዜው ብራቸው በዛ። በብር የተፈራረሙት ግን ያው ገንዘብ ይዘው የውጭ ማሽን ሲጠይቁ ዋጋው ሌላ ሆኖ ጠበቃቸው። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ግልጽ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ይገዛ፣ ክርና ጨርቅ የመሰለውም ቢያንስ ለአንድ ዙር የሚበቃ ይቀመጥ፤ ስምምነቱ ላይም በምንዛሪ ለውጥ የተገኘ ትርፍ ማን እንደሚወስንበት ይጻፍ።

ከዚያ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀን አገደ፤ ዩኤስኤይድም በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ በራሱ ስም ዕርዳታ መስጠት አቆመ። በመካከለኛ ተቋማት በኩል ገንዘብ የሚያገኙ አገር በቀል ድርጅቶች «ከዛሬ ጀምሮ ሥራ አቁሙ» የሚል ኢሜይል ሲደርሳቸው ወርክሾፕ ውስጥ ሰው ተቀምጦ ነበር። ምንም የሕግ ብልሃት ይህን አያስቀረውም። አንድ ዙር ከመጀመሩ በፊት ዙሩን የሚያስጨርስ ገንዘብ ባንክ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ግን ይቻላል። በአራት ወር ዙር ሁለት ክፍያ ደርሶ ሁለት እየተጠበቀ መጀመር የሠልጣኙን ጊዜ መቆመር ነው። 60 ሰው ጀምሮ ከመበተን 25 ሰው ማስጨረስ ይሻላል፤ ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ ቢያንስም።

ለዓላማ የተሰጠ ገንዘብ ለክፉ ቀን አይቀመጥም፤ ያልተሠራበት ይመለሳል። መጠባበቂያ የሚገኘው ከራስ ገቢ ብቻ ነው። አዋጅ 1113 ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል፤ የንግድና የታክስ ሕጉ እንደማንኛውም ነጋዴ ይመለከታቸዋል፣ የባንክ ሂሳብና መዝገቡ ይለያል፣ ትርፉም ለአባላት አይከፋፈልም። ለስፌት ማሠልጠኛ የሚቀርበው ገበያ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ነው። ትዕዛዙ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ተጠጋግቶ ይመጣል፤ ያኔ ሠልጣኞች ያለ ክፍያ ትዕዛዝ አስፈጻሚ ይሆናሉ። አንዷ ሦስት ሳምንት ቁልፍ ስትተክል ትከርምና በምዘናው ኪስ መሥራት ያቅታታል። ትዕዛዙን ከቀድሞ ተመራቂዎች ቀጥሮ ማሠራት፣ ሠልጣኞችን ደግሞ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ አለማስገባት ያስፈልጋል። ትርፉ ያንሳል። ትርፉ ያነሰበትን ምክንያት ለቦርድ ማስረዳት ግን ሠልጣኝ ለምን እንደወደቀ ከማስረዳት ይቀላል።

ውጭ ያሉ ወገኖች ድጋፍም አለ። አሜሪካ ያለ ሰው በቀጥታ ለአዲስ አበባ ድርጅት የላከው ገንዘብ ከግብር አይቀነስለትም፤ የሚቀነሰው እዚያው በሕግ ለታወቀ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጥ ነው። ያ ድርጅት ደግሞ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ የመቆጣጠር ግዴታ ስላለበት ደረሰኝና ሪፖርት ይጠይቃል፤ «ወገን ለወገን ምን ደረሰኝ» ማለት አይሠራም። ወርሃዊ ትንሽ መዋጮ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይጠቅማል፤ ለትራንስፖርት የሚሆነው እሱ ነው፤ ትራንስፖርት በየሳምንቱ ይከፈላላ!

በበጀት የማይታይ አንድ እንቅፋት ቀርቷል፤ ተያዥ። ሠልጣኟ ምዘናውን አልፋ፣ ካፌ ወይም ሱቅ ሥራ አግኝታ፣ «ተያዥ አምጪ» ስትባል ሥራው ይቀራል። ከገጠር ብቻዋን የመጣች፣ ከዓረብ አገር ተመልሳ ከቤተሰብ የተቆራረጠች፣ በማሳደጊያ ያደገች ልጅ ደመወዝተኛ ዘመድ ከየት ታመጣለች? ድርጅቱ ራሱ ዋስ ልሁን ካለ፣ በለጋሽ የተሰጠን ገንዘብ ለዕዳ ማጋለጡ ነው። የሚሠራው መንገድ የሰፈር ዕድርን ቀድሞ ማናገር ነው። ዕድር የገንዘብ ዋስ ባይሆንም የሚያውቃትን ሰው ያፈላልጋል፣ ስለ ጠባይዋ ይመሰክራል፤ ለምልመላውም ያው ዕድር ይጠቅማል። ሌላው መንገድ ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ ገንዘብና ንብረት በማይነካ ቦታ፣ ለምሳሌ ኩሽና ውስጥ፣ እንድትጀምር ማድረግ ነው። መታወቂያም ከመጀመሪያው ሳምንት ይታይ። የፋይዳ ምዝገባና የቀበሌ መታወቂያ በሥልጠናው ጊዜ ካላለቁ፣ ከምረቃ በኋላ ለእነሱ ሲሯሯጡ የተገኘው ቦታ ይያዛል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከቅጥር እስከዚያ ያሉት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሰው በብዛት የሚለቅበት ጊዜ ነው፤ የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ኮንትራትም በምረቃ ሳይሆን ቢያንስ ከምረቃ ስድስት ወር በኋላ እንዲያበቃ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ የክትትል ሠራተኛ 40 ሰው በስልክና በአካል መያዝ ይችላል፤ ሰማንያ ከሆኑ ሥራው ስልክ መደወል ብቻ ይሆናል። የመጀመሪያው ጥሪ በቅጥሩ ሦስተኛ ቀን፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው የደመወዝ ቀን ማግስት ቢሆን ጥሩ ነው። በሦስተኛው ቀን የሚሰማው የመንገድና የአለቃ ጉዳይ ነው። በደመወዝ ማግስት ደግሞ «ስንት ደረሰሽ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ቃል የተገባላትና እጇ ላይ የገባው ካልተመሳሰሉ፣ ለአሠሪው ስልክ የሚደወለው ያኑ ቀን ነው፤ እሷ ልብሷን ይዛ ከወጣች በኋላ ከሆነ የሚመልሳት የለም።